የሄደ መሬት

ሁለት ወንዝ ያልፋል ከወደባችን ስር፤
አማዞን ቡናማ፣ ስንቱን አገር አፍርሶ የተሸከመ አፈር፤
ታፓዦስ አረንጓዴ፣ ሳንቲም ብትጥልበት የምታነብ ቁጥር።
ተኳርፈው እንዳደሩ ባልና ሚስት፣ ባንድ አልጋ ላይ፣
ጎን ለጎን ይጓዛሉ፣ አንዱ አንዱን ሳያይ።

እኔ የሳንታሬም ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ መስኮት ቁጥር ሦስት፤
ከኋላዬ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ካርታ፣ ከላዬ ማራገቢያ የሚያቃስት።
በካርታው ከተማዋ ነጥብ ናት፣ የዝንብ ኩስ የምታህል፤
የቀረው ረግረግ ነው፣ ደን ነው፣ ሐይቅ ነው፣ ደሴት በደሴት መሀል፤
ሁለት ቀን በጀልባ ሄደህ፣ አሁንም «በእኛ ግዛት ነህ» የሚሉህ ክልል።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ያ ሁሉ አገር ወደ ወደቡ ይገባል፤
በዥዋዥዌ አልጋው እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሎ ያደረ ሰው ይነቃል፤
የካሳቫ ዱቄት በጆንያ፣ አሳ በበረዶ፣ አንድ የተቆጣ አውራ ዶሮ ይራገፋል።
ከወዲያ በኩል አኩሪ አተሩ፣ የሰው እጅ ሳይነካው፣ መርከብ ይሞላል፤
አቧራው ገበያው ላይ ይዘንባል።
አሳ ሻጩ ኤራልዶ በባርኔጣው እያራገበ፦
«እህሉ ባሕር ማዶ ላለ አሳማ ነው፤ ለኛ ማስነጠሱ ታሰበ።»

እንዲህ ባለ ሰኞ ነው ኦስማሪና የመጣችው፤
ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላው።
«አፈር ስሆን፣ ልጄ፣ ይኸ የመሬት ግብር ነው፤
ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳላሳልፍ የከፈልኩት ነው።
ዘንድሮ ግን መሬቱ ሄደ።»
«ወዴት ሄደ?»

«ጎርፍስ እንግዳ ነው፤ መጥቶ፣ በልቶ ይሄዳል፤
ላሞቹን ሳንቃ ላይ አቁመን፣ ሳር በታንኳ አመላልሰን፣ ጊዜው ያልፋል።
የሚገድለው መጉደሉ ነው፤ ውሃ ሲሸሽ ዳሩ ይከዳል።
መጀመሪያ ማንጎው ጎንበስ አለ፣ እጅ እንደሚነሳ ሰው፤
ቀጥሎ ወጥ ቤቱ፤
ቀጥሎ ባሌ ዤርቫዚዮ፣ ከነመቃብሩ ከነመስቀሉ፣ ወንዙ ወሰደው።
ስቀብረው ‹አፈሩ ይቅለለው› ብዬ ነበር፤
ይኸው ቀለለ፤ ተነሥቶ ሄደ። ከዚህ የሚቀል ምን አለ በምድር?»

ቅጹን አገላበጥኩ። «ሽያጭ» ይላል። «ስጦታ»። «ውርስ»።
መሬት በገዛ እግሩ ሲሄድ የሚሞላ ሳጥን የለም፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ ድረስ።
«ለማን ተላለፈ?» ይላል መስመሩ።
«ለወንዙ በል» አለች።
«ወንዙ መታወቂያ የለው» አልኳት። ሰልፉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀች፤
ሻሿን አስተካክላ ወደ ጆሮዬ ቀረበች፦

«ከሦስት መታጠፊያ በታች አዲስ ደሴት በቅሏል፤
መጀመሪያ ሳር፣ ከዚያ ነጭ ወፍ ሰፍሮበታል።
ቀዝፌ ሄድኩ። ዘግኜ አሸተትኩት። የኔ ነው።
ሐብሐብ የዘራሁበትን፣ ስድስት ልጅ የዳኸበትን አፈር እንዴት ብዬ ነው የማላውቀው?
ግብሩን አልሸሽም፤ እከፍላለሁ፤
መሬቴ ባለበት አድራሻ ጻፍልኝ እላለሁ።»

ሕጉን ነገርኳት፤ ከወንዝ የወጣ ደሴት የመንግሥት ነው።
«መንግሥት ሐብሐብ ይዘራል?»
መልስ አልነበረኝም፤
ማኅተሙን ማንሳት ደግሞ አልደፈርኩም።

አመሻሽ ላይ፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ወደ ካርታው ዞርኩ፤
በብዕር ሳይሆን በእርሳስ፣ አንዲት ነጥብ አኖርኩ፤
የዝንብ ኩስ የምታህል፣ የከተማችን እኩያ።

ይኸው ሰባት ዓመት። ደሴቷ አንድ ቦታ አትቀመጥም፤
ውሃው በጎደለ ቁጥር ኦስማሪና ትመጣለች፤ ወረፋ አትጠብቅም።
«ስንት ጥፍር?» እላታለሁ። «ሁለት ጥፍር፣ ወደ ታች» ትላለች።
አጠፋለሁ፤ አዲስ ነጥብ እጥላለሁ፤ ቆማ ታያለች።
ከብዙ ማጥፋት ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳስቷል፤
ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በወንዙ በኩል ስትመጣ፣ ብርሃን ያሳልፋል።